የአብሾ ምኞት፦ በጽዋ ስለሚፈለግ ኀይል

የሰው ልጅ በተሰጠው መጠን ረክቶ የሚኖር ፍጡር አይደለም። እግር እያለው ክንፍ ይመኛል፤ ዐይን እያለው ግድግዳ አሻግሮ ለማየት ይሻል፤ አንድ ገጽ ያጠና እንደ ሆነ መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመዋጥ ያምረዋል። ይህ ምኞት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ አውሮፕላኑም፣ መነጽሩም፣ መጽሐፉም የተገኙት ከዚሁ ምኞት ነውና። ይሁን እንጂ ምኞቱ ድካምን ጠልቶ በአንድ ጉንጭ መጠጥ ወይም በአንድ ክታብ የሚመጣ ኀይል ብቻ መፈለግ ሲጀምር፣ መልኩን ለውጦ ሰውየውን ከውስጥ የሚበላ ነቀዝ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች በፊልምና በሥዕል መጽሐፍ የሚያዩአቸውን ልዕለ ኀያላን፣ ማለት የሚበሩትን፣ ጥይት የማይበሳቸውንና ከዐይን የሚሰወሩትን፣ አዲስ ነገር አድርገው ይቈጥሯቸዋል። ነገር ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ በእኛም በቀየት፣ አያቶቻችን በምድጃ ዙሪያ ሲጫወቱ እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ሲያነሡ ሰምተናል። ጥይት የማይመታው ሽፍታ፣ በጠላት መካከል ሳይታይ የሚያልፍ ባለ መሰወሪያ፣ አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ ሊቅ ይነገርላቸዋል። ከእነዚህ ኀይሎች ሁሉ ግን ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበንና ዛሬም ሰው የሚያጠፋው የመጨረሻው ነው። መንገዱም አብሾ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ አብሾ ምን እንደ ሆነ፣ በሰው አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራና እምነቱ ለምን እንደማይጠፋ እንደ ዐቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አብሾ ምንድን ነው?

አብሾ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አካባቢ፣ ለተማሪ ልቡና የሚከፍት፣ የሰማውን ሁሉ የሚያስይዝ ነው እየተባለ ሲነገርለት የኖረ መጠጥ ነው። ዋናው ቅመሙ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ተክል እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ተክል የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። በወይና ደጋና በቆላ፣ ፍግ በተደፋበት ቦታ፣ በበረት አጠገብና በመንገድ ዳር ይበቅላል። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል፤ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ፍሬው እሾህ የለበሰ ሲሆን ሲደርቅ ተሰንጥቆ ጥቁር ዘር ያፈስሳል። ከዘመዶቹ መካከል ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ይገኙበታል። አስተናግር የሚለው ስሙ «ማናገር» ከሚለው ቃል ጋር መዛመዱም ልብ የሚባል ነገር ነው፤ ተክሉ የቀመሰውን ሰው ብቻውን ያስቀባጥራልና።

የአማርኛ ቋንቋችንም ስለዚህ መጠጥ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ጥቂት ጠጅ ወይም አረቄ ሲቀምስ ጠባዩ የሚለወጥን፣ ሳይታሰብ የሚቆጣንና የሚደባደብን ሰው «አብሾ አለበት» እንለዋለን። አብሾ ዕውቀትን ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ስሙን ለቁጣና ለዕብደት ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

ምኞቱ እንዴት ወደ ምሬት ይለወጣል?

አንድ ተማሪ በሐሳባችን እንያዝ። ሞኝ አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ ሄዶ የቅኔ ቤት ገብቷል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ የመንዝ ብርድ አጥንቱን ይሰብረዋል። ማታ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ ግን የያዘው ይጠፋበታል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው አንድ ጊዜ የሰማውን እንደ ውሃ ያፈስሰዋል። መጀመሪያ ያደንቀዋል። ቈይቶ ይቀናበታል። ከዚያም በኋላ ለብቻው ሲሆን «እኔ ከእርሱ በምን አንሼ ነው?» እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ነገሩ የሚከፋው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። «እርሱ የበለጠ ደክሟል» የሚለው መልስ ያማል፤ «ቀድሞ ጀምሯል» የሚለውም ትዕግሥት ይጠይቃል። «አንድ ነገር ጠጥቷል» የሚለው መልስ ግን ሁለት ጊዜ ያጽናናል። አንደኛ፣ የጓደኛውን ድካም ከንቱ ያደርግለታል፤ ሁለተኛ፣ እርሱም ያንኑ ቢያገኝ በአንድ ቀን እኩል እንደሚሆን ተስፋ ይሰጠዋል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ልቡ ከትምህርቱ ይርቃል። መጽሐፉን ትቶ መድኀኒት ዐዋቂ ይፈልጋል፤ ከየኔታ ይልቅ ጠንቋይ ይሰማል፤ ለልብስ የቋጠራትን ሳንቲም ለሥር ማሽ ይከፍላል። ባላገኘው ቊጥር ሰው የሸሸገበት ይመስለዋል። እንግዲህ ምሬት ማለት ይህ ነው፤ በጽዋው ገና ሳይመረዝ በምኞቱ ተመርዟል።

ይህ ታሪክ የቆሎ ተማሪ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈታኙ 3.3 በመቶው፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶው፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶው ብቻ 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዳገኘ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። ከመቶ ልጆች መካከል ከ94 በላይ የሚሆኑት ሲወድቁ፣ የወደቀው ሁሉ በየቤቱ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ዐውቆ አጥፊ የሆነ ሰው «ለፈተና የሚሆን አለኝ» ብሎ ቢመጣ የሚሰማው ጆሮ አያጣም። ስለዚህ የአብሾ ነገር የጥንት ተረት ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

ተክሉ በአካልና በአእምሮ ላይ የሚሠራው

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። በአስተናግር ቅጠል፣ ሥርና ዘር ውስጥ በተለይ ሦስት ኀይለኛ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት ከሚያደርስባቸው መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ይህ መልእክተኛ ምራቅን ያመነጫል፤ የዐይንን ብሌን ያጠብባል፤ የልብን ምት ያረጋጋል፤ በአንጎልም ውስጥ አዲስ ነገር እንድናስተውልና እንድንይዝ ይረዳል። ሦስቱ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት መልእክተኛው የሚገባበትን በር መዝጋት ነው። ቊልፉ ቢኖርም መክፈቻው ቀዳዳ በሰም እንደ ተደፈነ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ የጠጣው ሰው አፉ ይደርቃል፤ ቆዳው ይግላል፤ ልቡ ይመታል፤ ሽንቱ ይያዝበታል። ብሌኑ ተከፍቶ ስለሚቀር የቅርብ ነገር ይደበዝዝበታል፤ ለማንበብ ብሎ የጠጣው ሰው ፊደል ማየት ያቅተዋል። ቀጥሎ መቃዠት ይመጣል። በቦታው ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ከግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፤ ወዳጁን ጠላት መስሎት ይሸሻል። ይህ ሁኔታ አንድና ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቈያል። ከበረታ ልብን አዛብቶ ወይም ሰውነትን ከመጠን በላይ አግሎ ይገድላል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የማስታወስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ድራክማንና ሊቪት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን በጥንቃቄ ሰጥተው የማስታወስ ችሎታቸውን ፈተኑ። ወጣቶቹ አዲስ ነገር መያዝ አቃታቸው፤ ውጤታቸውም የሸመገሉ ሰዎችን መሰለ። ከዚያ ወዲህ የመርሳት በሽታን የሚያጠኑ ሊቃውንት እንስሳን ሆን ብለው እንዲረሳ ለማድረግ ሲፈልጉ ይህንኑ ስኮፖላሚን ይጠቀማሉ። እንግዲህ ምሁራን መርሳትን ለማምጣት የሚሰጡትን ነገር፣ ምኞት ያሳወረው ተማሪ ላለመርሳት ይጠጣዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አትሮፒን በሐኪም እጅ መድኀኒት ነው። ዐይን ለመመርመር፣ የዘገየ የልብ ምት ለማፋጠን፣ በተባይ ማጥፊያ መርዝ የተመረዘን ሰው ለማዳንም ይሰጣል። ልዩነቱ ሐኪሙ መጠኑን በሚሊግራም ለክቶ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ከዱር የተለቀመ ተክል ግን ኀይሉ ከሥር ወደ ሥር፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል፣ ከወቅት ወደ ወቅት ይለያያል። ስለዚህ «እገሌ ይህን ያህል ጠጥቶ ምንም አልሆነ» የሚለው ቃል ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

በሌላ አገር የደረሰ

በዚህ ተክል የተጐዳው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1676 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ጄምስታውን በተባለች ከተማ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ጎመን መስሏቸው የአስተናግርን ለጋ ቅጠል ቀቅለው በሉ። ሮበርት ቤቨርሊ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1705 ባሳተመው ታሪክ እንደ ገለጠው፣ ወታደሮቹ ለ11 ቀን ያህል አብደው ሰነበቱ፤ አንዱ ላባ በአየር ላይ እፍ ሲል፣ ሌላው ራቁቱን በማዕዘን ተቀምጦ ሲያገጥጥ ታየ። በ11ኛው ቀን ሲነቁ ከሆነው ነገር ሁሉ አንዱንም አላስታወሱም። እነሆ፣ የማስታወስ መጠጥ የተባለው ነገር ለእነዚያ ሰዎች የሰጠው 11 ባዶ ቀናት ነበር።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ፣ ለዕርዳታ በታደለ የምግብ ዱቄት ውስጥ የዚህ ተክል መርዝ በመገኘቱ 300 ያህል ሰዎች ታመው 5 ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ኀይል አልፈለጉም፤ የፈለጉት ምግብ ነበር። ተክሉ ግን የሚፈልገውንና የማይፈልገውን አይለይም።

እምነቱ ለምን አይሞትም?

ይህን ያህል ጉዳት እያለ እምነቱ ለምን ይኖራል? ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

የመጀመሪያው፣ የሚሰማው የተረፈው ሰው ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። አሥር ሰዎች ጠጥተው አንዱ ሊቅ ቢሆን «አብሾ አስተምሮት ነው» ይባላል። ያበደው «አልተስማማውም» ይባላል፤ የሞተው ደግሞ ምንም አይናገርም። ሊቁ ባይጠጣም ሊቅ ይሆን እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው፣ ቅዠቱ ራሱ ዕውቀት መምሰሉ ነው። የጠጣው ሰው ሳያቋርጥ ይናገራል፤ የማይታየውን አየሁ ይላል። ለሚሰማው ሰው ይህ የተገለጠለት ይመስላል። ነገር ግን ብዙ መናገርና ብዙ ማወቅ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው፣ ከላይ የተናገርነው ምሬት ነው። የሌላውን ብልጫ በድካሙ ከማመን በምሥጢር መጠጥ ማመን ይቀላል። በዚህም ምክንያት ሃያ ዓመት ሙሉ በየደብሩ የተንከራተተ ሊቅ፣ የድካሙ ዋጋ ተነጥቆ ለአንድ ሥር ይሰጥበታል። ይህ በሊቃውንቱ ላይ የሚደረግ በደል ነው እላለሁ።

እንዲህ ያለው እምነት አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን ሕዝብንም ያጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዪቱ ታንዛኒያ፣ ሕዝቡ በቅኝ ገዢዎች ላይ በትክክል ተነሣ። ኪንጂኪቲሌ የተባለ ሰው የጀርመንን ጥይት ወደ ውሃ የሚለውጥ ጸበል አለኝ ብሎ አስተማረ። ማጂ በስዋሂሊ ውሃ ማለት ነው፤ ጦርነቱም ማጂ ማጂ ተባለ። ጥይቱ ግን ጥይት ሆኖ ቀረ። በጦርነቱና ተከትሎት በመጣው ረሀብ ያለቀው ሕዝብ ከ75 ሺህ እስከ 300 ሺህ ይገመታል። ከዚያ ከ10 ዓመት ገደማ በፊት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አባቶቻችን በዐድዋ ድል ሲያደርጉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሯቸው ነበር፤ ጸሎቱም አልተቋረጠም። ዳሩ ግን ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ጠመንጃ ገዝተዋል፤ ስንቅ አስይዘዋል፤ በመስከረም ክተት ብለዋል። ጸሎታቸው ዝግጅታቸውን አላስቀረባቸውም።

ሁለት ተማሪዎች የጻፉት ታሪክ

በዓለም የታወቀውን «ሱፐርማን» የተባለውን ልዕለ ኀያል የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ፣ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ ወጣቶች ናቸው። ሱፐርማን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1933 ራሳቸው አባዝተው በሚያሠራጩት ትንሽ መጽሔት ላይ ሌላ ታሪክ አውጥተው ነበር። በዚያ ታሪክ አንድ ሳይንቲስት ዳቦ ለመለመን ከተሰለፉት ድኾች አንዱን ወስዶ አዲስ መድኀኒት ያቀምሰዋል። ሰውየው የሌላውን ሐሳብ ማወቅና ማዘዝ ይችላል፤ ወዲያው ዓለምን ለመግዛት ይነሣል። ነገር ግን የመድኀኒቱ ኀይል ያልቃል፤ መልሶ የሚሠራበትን መንገድ የሚያውቀውንም ሳይንቲስት አስቀድሞ ገድሎታል። ስለዚህ ወደ ዳቦው ሰልፍ ይመለሳል።

ወጣቶቹ ስለ አብሾ ሰምተው አያውቁም ይሆናል። ሆኖም በጽዋ የሚመጣ ኀይል ሰውየውን እንደማያሳድገው ተገንዝበዋል። መድኀኒቱ ከእርሱ ሲወጣ የቀረው ያው የጥንቱ ሰው ነበር፤ የተጨመረበት ቢኖር ምሬትና ደም ነው።

እውነተኛው ምሥጢር

እንግዲያውስ ሊቃውንቱ ያን ሁሉ መጽሐፍ በቃላቸው እንዴት ያዙት? መልሱ በየኔታ ደጅ በግልጥ ይታያል። ተማሪው የሰማውን ጮኾ ይደግመዋል፤ ማታ በጨለማ መጽሐፍ ሳያይ ያወርደዋል፤ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ እንደ ገና ይከልሰዋል። የዛሬ ሳይንስ ይህን ዘዴ መርምሮ መስክሮለታል። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር ካልተከለሰ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው የተከለሰ ግን እንደሚጸና አሳየ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጽሑፉን ደጋግሞ ካነበበው ተማሪ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን የፈተነው ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውስ አረጋገጡ። የቆሎ ተማሪ ይህን ከእነዚህ ጥናቶች በፊት ሲሠራበት ኖሯል።

ቅዱስ ያሬድም የዚህ ምሳሌ ነው። ትውፊታችን እንደሚለው በልጅነቱ በአክሱም ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ለዓመታት ትምህርት እምቢ ብሎት፣ ተገርፎ፣ ተስፋ ቈርጦ ኮበለለ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ወደ ላይ ለመውጣት እየሞከረ ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲደርስ አየ፤ ተመልሶም የዜማ አባት ሆነ። አባቶቻችን ለትውልድ ሊያስተላልፉት የመረጡት ታሪክ የትሉን ትዕግሥት ነው።

ከራሳችን ሰሜን ሸዋ ደግሞ በጃቶ የተወለደውን ሻምበል አበበ ቢቂላን እናገኛለን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 5 ሳምንት ያህል በኋላ፣ ከቀድሞው 3 ደቂቃ ያህል አሻሽሎ ደገመው። የኀይሉ ምንጭ በክቡር ዘበኛ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር በየቀኑ ያደረገው ልምምድ ነበር።

ለተማሪና ለወላጅ

በመጨረሻ ሦስት ቃል ልጨምር። ጓደኞቼ ሆይ፣ «ለትምህርት የሚሆን» ተብሎ የሚሰጣችሁን ሥርም ሆነ ቅጠል፣ ከዘመድም ቢመጣ አትቅመሱ። ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ሲወድቅ «የእገሌ ልጅ እንዴት ዐለፈ?» የሚለው ቃል ቀላል ቢመስልም፣ ምሬቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ይልቅስ «የቱ ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባትም አንድ ሰው ይህን ጠጥቶ ሲቃዥ ብታገኙ፣ ዛር ነው ብላችሁ አታቈዩት፤ አረቄም አታጠጡት፤ እንዳይጐዳ ጠብቃችሁ፣ ከተቻለም የጠጣውን ተክል ይዛችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ይህን ማድረግ ነፍስ ያድናል።

ተፈጥሮ ለሁላችንም አንድ ዐይነት ልቡና አልሰጠችንም፤ ይህ እውነት ነው፤ ያማልም። አንዱ ባንድ ሰዓት የሚይዘውን ሌላው በሦስት ሰዓት ይይዘዋል። ነገር ግን በሦስት ሰዓት የተያዘው የራሱ ነው፤ ሌባ አይሰርቀውም፤ በማግሥቱም አይተንንም። በጽዋ የመጣ በጽዋ ይሄዳል፤ ቀስ በቀስ የተያዘ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።